በረሻድ መሳቢያ ያለው መላምት

ሰኔ 27

ጤና ጣቢያ። ዝናብ። የደም ግፊቴ የላይኛው ቁጥር መቶ ስልሳ ስምንት።

ሲስተር ደሚቱ ክንዴ ላይ ያለውን ማሰሪያ እየፈታች፣ «ባለፈው ከልጅዎ ጋር የመጡ ዕለት መቶ አርባ ስድስት ነበር። ጋሽ ዘርኣብሩክ፣ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ግፊትዎ ይወርዳል፤ ብቻዎን ሲሰነብቱ ይወጣል» አለችኝ። ሁለት ቀን አይታ ሕግ አወጣች። በሁለት ነጥብ መካከል ሁልጊዜ መስመር ይሰመራል፣ ያ ማስረጃ አይደለም አልኳት። ሳቀች። ከኋላዬ ተራ የምትጠብቀው ሴትም ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።

መድኃኒቱ ለጊዜው አይለወጥም፤ ወር ቆይተን እናየዋለን ብላለች።

ሰኔ 29

ሚለን መጣች። ሲስተር ደሚቱ ደውላላት ኖሯል። ልጄ አንድ ናት፤ ሰሚት ትኖራለች፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። እንደ እናቷ ቀስ ብላ ትናገራለች፤ እንደ እኔ ደግሞ አንዴ ከተናገረች አትመለስም።

«አባዬ፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም።»

«ስለ ደረጃ ስሞታ አቅርቤያለሁ?»

«ስለ እግርህ አይደለም የማወራው። ትናንት ከማን ጋር አወራህ?»

ማስታወስ አቃተኝ። ዳቦ ቤት ሁለት ጣቴን አሳይቼ ሁለት ዳቦ ገዝቻለሁ። እሱ ንግግር ይባል አይባል እያሰብኩ ሳለ፣ «ከትናንት በስቲያስ?» አለች።

«መርማሪ ፖሊስ ሆንሽ?»

«ግፊትህ ለምን እንደሚወጣ አንተ ራስህ ታውቃለህ።»

«አላውቅም። አንቺም አታውቂም። የምታወሪው ስለ ሁለት ተለዋዋጮች ተዛምዶ ነው፤ ተዛምዶ ደግሞ ይፈተሻል እንጂ አይወራም።»

ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች። «እሺ፣ ፈትሸው» አለች። «አንተው ፈትሸው። ከቁጥር በቀር የምታምነው የለህም።»

ስምምነታችን እንዲህ ነው። ሠላሳ ቀን እመዘግባለሁ፤ በየቀኑ ሁለት ቁጥር። አንደኛው ከሰው ጋር ያወራሁበት ደቂቃ፤ ሁለተኛው በምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚለካው የላይኛው ግፊት። ተዛምዶ የለም የሚለው መላምት ውድቅ ከሆነ ይህን ቤት ዘግቼ ሰሚት እገባለሁ። ውድቅ ካልሆነ ሚለን ነገሩን ሁለተኛ አታነሳውም።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕድሜዬ ልክ።»

«እሺ» አለች። ሠላሳው ቀን እስኪያልቅ እንደማትመጣም እንደማትደውልም ነገረችኝ፤ በኋላ ውጤቱን አበላሸሽብኝ እንዳልላት። እንደዚያ አልልም ነበር። ወይም እል ይሆናል።

ሐምሌ 3

የድሮውን መጽሐፍ ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ጀርባው ተገንጥሏል።

ይህን ትምህርት ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ነበርኩ። አንድ ጊዜ የኮሌጅ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ደረሰኝ፤ በእንግሊዝኛ። የማልረዳውን ገጽ ማረም አልወድም፤ መዝገበ ቃላት ይዤ በሰባት ወር ተማርኩት። ደራሲው ራሱ የመቀነስ ምልክት ጥሎ ያለፈበትን ቦታ አግኝቼበታለሁ። አላመሰገነኝም።

አሠራራችን በሁለት ሰው ነበር። አንባቢው የደራሲውን ጽሑፍ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነባል፤ አራሚው የታተመውን በእርሳስ ይከተላል። ብቻውን የሚያርም ሰው የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ይኖራል ብሎ የሚጠብቀውን ነው። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ ይህን እነግር ነበር።

የእኔ አንባቢ አሰፋሽ ነበረች። በኋላ ሚስቴ ሆነች። ትርጉሙን ሳታውቀው «ሮ፣ እኩል ይሆናል፣ ዜሮ፣ ነጥብ» እያለች ታነብልኝ ነበር። አንድ ቀን አቋርጣ፣ «ይሄ ሮ የሚሉት ሰውዬ ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ምን አድርጎ ነው?» አለች። ተቆጣኋት። የሥራ ሰዓት ነበር።

በፍልሰታ መግቢያ ከሞተች ሁለት ዓመት ይሞላታል።

ሐምሌ 8

መላምቱ ዛሬ ተጻፈ። መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት መጻፍ አለበት። ውጤቱን አይቶ መላምት የሚጽፍ ሰው፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የእጅ ጽሑፉን ደብቆ እንደሚያስተካክል ደራሲ ነው። እንደዚህ ያሉ ደራሲዎች አውቃለሁ።

ባዶው መላምት ምንም ተዛምዶ የለም ይላል። መጀመሪያ «አር እኩል ይሆናል ዜሮ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። የጀማሪ ስህተት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያሳፍራል። አር የሠላሳው ቀን የተዛምዶ ቁጥር ነው፤ እሱ ይሰላል እንጂ አይገመትም። መላምት የሚጻፈው ስለማይታየው ነው፤ ስለ ሮ። ሮ ማለት ሠላሳው ቀን ተቆንጥሮ የተወሰደበት የጠቅላላው ተዛምዶ ነው፤ በዚህ ቤት እንዲህ ሆኜ የኖርኳቸውና የምኖራቸው ቀኖች ሁሉ። ስንት እንደሚሆኑ መጽሐፉ አይጠይቅም። ስለዚህ፦ ሮ እኩል ይሆናል ዜሮ።

አንድ ነገር ልመዝግብ። ባዶው መላምት አራሚ አዲስ ገጽ ሲጀምር እንደሚይዘው ሐሳብ ነው፤ ስህተት እስኪገኝ ድረስ ገጹ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ስህተት አላገኘሁም ማለት ስህተት የለም ማለት አይደለም። ዓይንህ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ገጹ አንሶ ሊሆን ይችላል።

አማራጩ መላምት በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሮ ከዜሮ ይበልጣል፤ ሮ ከዜሮ ያንሳል፤ ወይም ሮ ከዜሮ እኩል አይደለም፤ በየት በኩል እንደሆነ ሳይባል። ሲስተር ደሚቱም ሚለንም የሚሉት ሁለተኛውን ነው፤ ንግግር ሲበዛ ግፊት ይወርዳል። እኔ ሦስተኛውን ጻፍኩ። ንግግር ግፊት ሊያወጣም ይችላል፤ ምድር ቤት ያለው ረሻድ ስለ ኳስ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። በሁለቱም ወገን የሚፈትሽ ጥንቁቅ ነው። በሠላሳ ጥንድ፣ በአምስት በመቶ ደረጃ፣ ባለ ሁለት ወገኑ ፈተና አር 0.361 እንዲደርስ ይጠይቃል። አስቀድሞ አቅጣጫውን የሚናገረው፣ ባለ አንድ ወገኑ፣ 0.306 ይበቃዋል። ይህን ስላወቅሁ አይደለም የመረጥኩት። ጥንቃቄ ነው።

ጥንቃቄ ነው።

በፖስታ አሽጌ፣ ክዳኑ ላይ ፈርሜ ለረሻድ ሰጠሁት። ረሻድ ከሕንፃችን ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ቁልፍ ይቀርጻል፤ ድሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሳለን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ አሁን ጢሙ ሸብቷል።

«ጋሼ፣ ኑዛዜ ነው እንዴ?»

«መላምት ነው።»

«ከኑዛዜ ይከብዳል?»

«ሠላሳ ቀን ማንም እንዳይከፍተው።»

«ወላሂ ቁልፍ የጠፋበት ሰው መጥቶ በሩን ቢሰብር እንኳ ይሄን አይነካም» ብሎ ካልተቀረጹ ቁልፎች ሥር መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ሐምሌ 10

ቀን 1። ንግግር 0። ግፊት 165።

ደንብ፦ ከአንድ ደቂቃ በታች የሆነ አይቆጠርም።

ሐምሌ 11

0። 162።

ሐምሌ 12

0። 166። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። በሕንፃችን አጠገብ የሚያልፈው ባቡር ድምፅ ከዝናቡ ጋር ሲቀላቀል ሰው በር ላይ የቆመ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አየሁ።

ሐምሌ 14

0። 169።

ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዘው የሚወጡ ሁለት ሴቶች ከሦስተኛ ፎቅ ሲነጋገሩ ሰማሁ። «እኒያ አራተኛ ያሉት ሰውዬ ግን አሉ?» አለች አንዷ። ሌላዋ፣ «አሉ መሰለኝ። ባይኖሩስ በምን እናውቃለን?» አለች። ወርጄ አለሁ ልላቸው አስቤ ነበር። ካወራሁ ግን መመዝገብ አለብኝ፤ ከአንድ ደቂቃ ያልፍ ይሆናል። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አላውቅም። ደንቡ መዝግብ ነው የሚለው፣ አታውራ አይልም።

ሐምሌ 17

ቀን 8። 0። 167።

ዛሬ ለሙከራ ያህል የስምንቱን ቀን ተዛምዶ ላሰላ ተቀመጥኩ። አልተሰላም። ለማስላት የሁለቱም ዓምዶች መለዋወጥ ያስፈልጋል፤ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደራቁ። የንግግሩ ዓምድ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ስምንት ዜሮ ነው። አማካዩ ዜሮ ነው። ከአማካዩ የራቀ የለም። ማካፈያው ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም።

አር ዜሮ ነው ማለት እንኳ አልችልም። ዜሮ ቢሆን ቁጥር ነበር። ምንም አይደለም። መጽሐፉ ይህን በአንድ መስመር ነው ያለፈው፤ «ተለዋዋጩ የማይለዋወጥ ከሆነ ተዛምዶ ትርጉም የለውም» ይላል። ያን ገጽ ያረምኩት እኔ ነኝ። ያነበበችልኝ አሰፋሽ ናት። ያኔ አንዳችንም ቆም አላልንም።

ንግግር ያስፈልገኛል። ለዓምዱ።

ሐምሌ 18

እኔ ደስ ባለኝ ቀን ከወጣሁ መረጃው ይዛባል፤ ጤና የተሰማኝ ቀን ወጥቼ፣ የታመምኩ ቀን እቀመጣለሁና። ስለዚህ ዕጣ። ሃያ ሁለት ቁራጭ ወረቀት፤ አሥራ አንዱ ላይ «ውጣ»፣ አሥራ አንዱ ላይ «ተቀመጥ»። በአሰፋሽ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ አደረግኋቸው፤ አዝራሮቹን ሳህን ላይ ገልብጬ። በየጠዋቱ አንድ አወጣለሁ። የወጣው አይመለስም፤ ዕጣው ያለውም አይሻርም።

ዛሬ፦ ውጣ።

ረሻድ ሱቅ ደጃፍ ባለችው ዱካ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ። ምን እንደሚባል ጠፋኝ። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ ሰዓት እያዩ ነው የሚያወሩኝ? ታክሲ ነኝ እንዴ?»

«ለመዝገብ ነው።»

«እንግዲያው የቆመበትን አይቁጠሩብኝ፤ ደንበኛ ሲመጣ አጥፉት» ብሎ ሳቀ። አጠፋሁት። ሁለት ጊዜ ረስቼ ሳላጠፋው ቀርቻለሁ፤ በግምት ቀነስኩ።

ንግግር 22። ግፊት 158።

ሐምሌ 20

ተቀመጥ። 0። 163።

ሐምሌ 21

ውጣ። ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ረሻድ። ሲስተር ደሚቱ፣ «ምነው ዛሬ ወሬ ፈለጉ?» አለች። ለዓምድ ነው አልኳት። «ዓምዱ ይባረክ» አለች። ንግግር 41። ግፊት 149።

አንድ ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ ምንም አይደለም።

ሐምሌ 26

ውጣ። ረሻድ ጋ። አንድ ሰው ከቤቱ ተቆልፎበት መጥቶ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ረሻድ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔው ጋ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ሚለን የላትም?»

«ለምን ይኖራታል? ስትመጣ እከፍትላታለሁ።»

ሞርዱን አንስቶ የማያስፈልገውን ቁልፍ ይሞርድ ጀመር። ከዚያ ስለ ኳስ አወራ። ባልወደውም አላቋረጥኩትም። ንግግር 35። ግፊት 160። ይኸው፣ አወራሁና አልወረደም። ልብ ይባል።

ሐምሌ 29

ተቀመጥ። 0። 158።

በ«ተቀመጥ» ቀን ከበፊቱ ይልቅ ጸጥታው ይሰማል። በፊት እንዲህ አልነበረም፤ ወይም አላስተዋልኩም ነበር። ረሻድ ከታች ብረት ሲሞርድ ይሰማኛል። ከማን ጋር እያወራ ይሆን?

ነሐሴ 1

ቀን 22። ዕጣ፦ ተቀመጥ።

ንግግር 0። ግፊት 178።

ነሐሴ 2

የትናንቱን ልጽፈው ይገባል። ያልተጻፈ ነገር መረጃ አይደለም።

ጠዋት ቆርቆሮውን ሳናውጥ «ተቀመጥ» ወጣ። በሌላ ቀን ቢወጣ እመርጥ ነበር። መምረጥ ግን የለም፤ ዕጣ የወጣው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ በር ተንኳኳ። የሚለን ማንኳኳት ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ ሦስተኛው ቀለል ያለ። ወንበሬ ላይ ነበርኩ። አልተነሣሁም።

«አባዬ?»

ሠላሳው ቀን እስኪያልቅ አልመጣም ብላ ነበር። ቃሏን ያፈረሰችው እሷ ናት። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

«አባዬ፣ አውቃለሁ አልመጣም ብያለሁ። ዛሬ የእማዬ ቀን ነው። ከልደታ ማርያም እየመጣሁ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

አምስት ደቂቃ። በ«ተቀመጥ» ቀን አምስት። ዕጣውን አንዴ ካፈረስኩት ያለፉት ቀኖች ሁሉ ይፈርሳሉ። ወንበሩ እንዳይንቋቋ ትንፋሼን ያዝኩ። ይህን የምጽፈው ስለሆነ ነው።

ወደ ታች ስትሮጥ ሰማኋት። ከዚያ የሁለት ሰው እግር ወጣ። ረሻድ ነበር፤ የመሣሪያ ከረጢቱ ሲንኮሻኮሽ አወቅሁት።

«ክፈትልኝ፣ ረሻድ። አይመልስም። ቤት ውስጥ ነው፤ ጫማው በር ላይ አለ።»

«መክፈቱን እከፍታለሁ። አንዴ እንስማ መጀመሪያ።»

ብረት ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

«አለሁ!» አልኩ።

የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ብረቱ ቆመ። ሚለን ደጋግማ የምትተነፍሰው ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለረሻድ፣ «ይሁን። አለ» አለች። እጀታው ላይ አንድ ነገር ሰቀለች። ወረዱ።

ሲመሽ በሩን ከፈትኩ። በፌስታል የጾም ምግብ። ድንች አልጫ፣ እናቷ እንደምትሠራው ቃሪያ የበዛበት። በላሁት።

«አለሁ» ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። በደንቡ መሠረት ዜሮ ነው። ዜሮ ጻፍኩ።

ነሐሴ 5

ውጣ። ረሻድ ጋ ወረድኩ። «እንደምን አደሩ» አለ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ጥቂት ብቻ አወራን። እኔም ስለዚያ ቀን አላነሳሁም። ንግግር 4። ግፊት 164።

ነሐሴ 9

ቀን 30። ተቀመጥ። 0። 161። መረጃው ተዘጋ።

ነሐሴ 10

ጠዋቱን ሙሉ አሰላሁ። ነገር ግን የራሴን ስሌት ብቻዬን ማረም አልችልም፤ የማየው የምጠብቀውን ነው። አንባቢ ያስፈልገኛል። መዝገቡን ይዤ ረሻድ ጋ ወረድኩ።

«ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ግፊቱን። ሰረዝና ነጥብ ሳትዘል። እኔ በዚህኛው ወረቀት እከተላለሁ።»

ማንበብ ጀመረ። «ቀን አንድ፣ ዜሮ፣ መቶ ስልሳ አምስት። ቀን ሁለት፣ ዜሮ፣ መቶ ስልሳ ሁለት።» ድምፁ ጎርናና ነው፤ እንደ አሰፋሽ አይደለም፤ ግን ደንበኛ ሲመጣ «ቆይ አንዴ፣ እያረምን ነው» ይል ነበር። ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ ቆመ።

«ቀን ሃያ ሁለት። ዜሮ። መቶ ሰባ ስምንት።»

«ቀጥል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ቀን ያ ቀን አይደለም?»

«ነው።»

«ዜሮ ነው የሚባለው?»

«በደንቡ።»

ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። «እኔ እኮ ብረቱን ሳስገባ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ስቼዋለሁ» አለ። «ሠላሳ ዓመት በር ከፍቻለሁ። ሞተው ያገኘኋቸው አሉ። አለሁ ሲሉ ሚለን ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተቀመጠች፤ መሬት ላይ፣ በነጭ ነጠላዋ። ይህን ማን ይጻፈው?» ከዚያ አነበበልኝ፣ እስከ ሠላሳ።

ስሌቱ ልክ ነው። አር፦ 0.34፣ የመቀነስ ምልክት ያለው።

ንግግር ሲጨምር ግፊት ይወርዳል ማለት ነው። በሁለት ወገን ፈተና ግን 0.361 አልደረሰም። ባዶው መላምት ውድቅ አልሆነም።

በአንድ ወገን ቢሆን 0.306ን አልፏል። ውድቅ ይሆን ነበር።

ነሐሴ 11

ሚለን ከሥራ ቀጥታ መጣች። ረሻድ ፖስታውን ከመሳቢያው አውጥቶ ራሷ እንድትከፍተው ሰጣት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመን። አነበበችው። ነገርኳት፦ 0.34፣ ደረጃው 0.361፣ ውድቅ አልሆነም።

«ስለዚህ ተዛምዶ የለም።»

«እንደዚያ አልተባለም። ማስረጃው አልበቃም ነው የሚባለው።»

«ለእኔ ያው ነው። አሸነፍክ።»

«አሸነፍኩ አላልኩም።»

«እሺ አባዬ» አለች። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ብትሆን ይሻል ነበር። «ቃሌ ቃል ነው። ሁለተኛ አላነሳውም።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ቆሞ ነበር፤ ገባች።

ረሻድ መሳቢያውን ዘጋ። «ባዶ ሆነ» አለ፤ ስለ መሳቢያው መሰለኝ።

ነሐሴ 14

አልደወለችም። ውጤቱ ይህ ነው። የፈለግኩት ነው።

171።

መለካት ማቆም ነበረብኝ። መረጃው ተዘግቷል።

ነሐሴ 18

170። ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ወረቀት አልቋል። አዝራሮቹን መልሼ ከተትኩ። አንዱ አዝራር የሚለን የትምህርት ቤት ሹራብ ነው፤ ሰማያዊ።

ነሐሴ 21

ጤና ጣቢያ። ሲስተር ደሚቱ መድኃኒት ጨመረች። «ዓምዱስ?» አለች። አለቀ አልኳት። «ይወርዳል ያልኩት ልክ ሆነ?» እጅጌዬን አወረድኩ። ይወርዳል ብላ ነበር። ይወጣል ወይም ይወርዳል አላለችም። ከመጀመሪያው ቀን አቅጣጫውን ተናግራለች፤ ሚለንም እንደዚያው። የተጠየቀው ጥያቄ አቅጣጫ ነበረው። እኔ ሌላ ጥያቄ ጽፌ፣ ለሌላ ጥያቄ መልስ አገኘሁ።

174።

ነሐሴ 26

ማተሚያ ቤት ሳለን፣ መጽሐፉ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ስህተት ከተገኘ ገጹ አይቀደድም። የተሳሳተው እንዳለ ይቆያል፤ ነገር ግን ትንሽ የማረሚያ ወረቀት ታትሞ ከሽፋኑ ውስጥ ይለጠፋል። ብዙ ደራሲዎች አይፈልጉትም ነበር፤ ስህተታቸውን ያሳያል ብለው። ሳይለጠፍ መጽሐፍ አይወጣም ብዬ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ስንት ሰው ላይ ለጥፌያለሁ።

ዛሬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። አራተኛው ቀረ።

ጳጉሜ 2

ከሜክሲኮ አንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ አንድ ታክሲ። አውቶቡሱ ላይ ቆሜ ሄድኩ፤ አንዲት ልጅ ተነሥታልኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ።

ሚለን ቤት በሩ ሰማያዊ ነው፤ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፣ የገባች ቀን። አንድ ጊዜ አንኳኳሁ። ሁለተኛ ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ተከፈተ።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ይህን ላደርስ ነው።»

ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ጮክ ብላ፣ ነጥብና ሰረዙን ሳትዘል። እናቷ አስተምራት ይሆን? አልጠየቅኩም።

«የስህተት ማረሚያ። ገጽ አንድ፣ መስመር አራት፤ ሮ ከዜሮ እኩል አይደለም የሚለው፣ ሮ ከዜሮ ያንሳል ተብሎ ይነበብ። ቀን ሃያ ሁለት፤ ዜሮ የሚለው ይሰረዝ።» ቀና አለች። «ይሰረዝና ምን ይባል?»

«አላገኘሁለትም። ባዶ ተውኩት።»

እንደገና አየችው። በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል።

«የመጀመሪያውን ስህተት መቼ አገኘኸው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ሰው ሁሉ ስህተቱን ያገኘው በኋላ ነው የሚለው።

«ከመጻፌ በፊት» አልኳት።

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችውና ኪሷ ከተተችው።

«ታዲያ አሁን እኔ አሸነፍኩ?»

«አላሸነፍሽም። በዚያው መረጃ መላምት አይቀየርም። አዲስ ናሙና ያስፈልጋል። ሌላ ሠላሳ ቀን። መላምቱን አንቺ ትጽፊዋለሽ።»

«የት ነው ሠላሳው ቀን?»

የመለኪያ መሣሪያው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጎኑ አብጧል። እሷም አየችው።

«አነሳሁት እንዳትለኝ» አለች። «እኔ አላነሳሁም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«እዚህ ግን ዜሮ የሚባል ቀን አታገኝም፤ አስቀድሜ ልንገርህ።»

«ደቂቃው እስከተለያየ ድረስ ይሰላል።»

ከበሩ ገለል አለች። «ግባ በል፣ ብርድ ይገባል።»

ገባሁ። እውነትም ደረጃ የለውም።